በተሽከርካሪ ማሞቂያ ውስጥ የነፋስ መድከምና የቫኪዩም ጉድለት፦ ከዱርቤቴ እስከ እንጅባራ ባለው መንገድ የተገኘ ትምህርት

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ ባለሙያዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ አነስ ያለ ሊመስል ይችላል። በዚህ መድረክ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ኃይል ማመንጫ ሲነገር ሰምታችኋል፤ እኔ ግን የመጣሁት የመኪና ማሞቂያ ነፋስ ለምን እንደሚደክም ልናገር ነው። ርእሱን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በክረምት ከዱርቤቴ ወደ ዳንግላና ወደ እንጅባራ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የፊት መስታወቱ በእንፋሎት የተሸፈነበት ሾፌር ዐይኑን እንደ ታሰረ ሰው ነው፤ ከኋላው የተቀመጡት ሰዎች ሕይወትም የሚወሰነው በዚያ መስታወት ነው። ሁለተኛ፣ በዚሁ ጉዳይ ላይ እኔ ራሴ ወጣት መምህር ሳለሁ የሠራሁት ስሕተት አለ። ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ነግሬአለሁ፤ በአደባባይ ስናገረው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ዱርቤቴ የሚኖሩ የእህል ነጋዴ ነበሩ። አሜሪካ ሠራሽ፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት አሮጌ መኪና ነበረቻቸው። አንድ ሐምሌ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ፣ «ወደ እንጅባራ ሽቅብ ስወጣ ሙቀቱ ከእግሬ ይጠፋል፤ መስታወቱም ይጨልምብኛል። ቁልቁል ስመለስ ደግሞ ነፋሱ ወደ እግሬ ይመለሳል። አንተ ተምረሃልና እስኪ እያት» አሉኝ። እኔም የቫኪዩም መለኪያ ይዤ ተመለስሁና ሞተሩን አስነሥቼ፣ መካኒኮቻችን ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ዙር ሲዞር ለካሁ። መለኪያው 13 ኢንች ሜርኩሪ አሳየ። የእጅ መጽሐፉ ግን ጤናማ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ማሳየት አለበት ይላል። ምንም ሳልጠራጠር፣ «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ሞተሩ መታደስ አለበት» ብዬ ፈረድሁ።

አጎቴ ያደለቧቸውን ሁለት በሬዎች ሸጠው ሞተሩን አሳደሱ። ታድሶ ሲለካ 14 ኢንች ገደማ አሳየ። ወደ እንጅባራ ሲወጡ ግን ነፋሱ እንደ ቀድሞው ከእግራቸው ጠፋ፤ መስታወቱም እንደ ቀድሞው ጨለመ። አልተቈጡኝም። «ሞተሩስ ታደሰ፤ ነፋሱ ግን የት ሄደ?» ብቻ አሉኝ።

መልሱን ያገኘው በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሚላላክ ልጅ ነው። ኮፈኑን ከፈተ፤ ከሞተሩ የሚነሣውን ቀጭን ቱቦ በጣቱ ተከተለ፤ በቱቦው መካከል ያለችውን፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል የፕላስቲክ ቫልቭ ነቀለና በአንድ በኩል በአፉ ነፋባት፤ ገልብጦም በሌላው በኩል ነፋ። «መምህር፣ ይቺ በሁለቱም በኩል ትተነፍሳለች» አለኝ። ከዚያም ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን የአየር መግቢያ ከፍቶ ብዙ እፍኝ የበሰበሰ የባሕር ዛፍ ቅጠል አወጣ። ብልሽቱ ሁለት ነበር፤ ሁለቱም ከሞተሩ ፋሻ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበራቸውም።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ መለኪያ የያዘው መምህር የተሳሳተው፣ በአፉ የነፋው ልጅ ያገኘው ለምንድን ነው? መለኪያዬ ትክክል ነበር። መጽሐፉም አልዋሸም። የተሳሳትሁት ቁጥሩ የሚሠራበትን ስፍራ ሳልጠይቅ በመፍረዴ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል አጠገብ ላለ ሰው ነበር፤ እኔ የቆምሁት ግን ከባሕር ጠለል ወደ 2000 ሜትር ከፍ ብሎ በሚገኘው ዱርቤቴ ላይ ነው።

ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። በ1648 እ.ኤ.አ. የብሌዝ ፓስካል የእኅቱ ባል ፍሎረን ፔሪየ የሜርኩሪ ቱቦ ተሸክሞ በማዕከላዊ ፈረንሳይ የሚገኘውን ፒዊ ደ ዶም የተባለ ተራራ ወጣ። ከግርጌው እስከ ጫፉ ሲደርስ ሜርኩሪው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ሙከራው ያሳየው ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ክብደቱ እንደሚቀንስ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ በመራዊ፣ በወተት ዓባይ፣ በዱርቤቴና በዳንግላ አድርጋችሁ እንጅባራ ስትደርሱ የፔሪየን ሙከራ በመኪና ትደግሙታላችሁ። ባሕር ዳር ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። በዚያ መንገድ የሜርኩሪው ዓምድ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከእንጅባራ በጥሊሊ በኩል ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ስትወርዱ ደግሞ መልሶ ይወጣል።

በቁጥር እንየው። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ወደ 101 ኪሎ ፓስካል ነው። በዱርቤቴ ከፍታ ወደ 80፣ በእንጅባራ ከፍታ ደግሞ ወደ 74 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። ይህ ለማሞቂያችን ምን ትርጉም አለው? ቫኪዩም «ይስባል» ብለን የመናገር ልማድ አለን፤ በእውነቱ ግን ቫኪዩም ምንም አይስብም። የሚገፋው የውጭው አየር ነው። ዲያፍራም የምንለውን ስስ የጎማ ሽፋን አንቀሳቅሶ የነፋሱን ክዳን የሚከፍተውና የሚዘጋው በሽፋኑ ሁለት ወገኖች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው አየር ራሱ ሲደክም ልዩነቱም ይጠባል። 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲያፍራም በ20 ኢንች ቫኪዩም ወደ 135 ኒውተን ኃይል ይሰጣል፤ በ13 ኢንች ግን 88 ኒውተን ያህል ብቻ ነው። በቆላ የሚንቀሳቀስ ጠንከር ያለ ክዳን በደጋ ሊቆም የሚችለው ስለዚህ ነው።

ለጋራዥ ሥራ የሚበቃው ቀላል ደንብ ይህ ነው፦ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከመጽሐፉ ቁጥር ላይ 1 ኢንች ያህል ቀንሱ። ለዱርቤቴ 6 ተኩል ኢንች ብንቀንስ፣ ከ17 እስከ 21 የተባለው ከ10 ተኩል እስከ 14 ተኩል ይሆናል። የአጎቴ መኪና 13 ማሳየቷ የጤና ምልክት ነበር። ሁለቱ በሬዎች የተሸጡት ባልተደረገ መቀነስ ምክንያት ነው።

ነገር ግን የከፍታ ጉዳይ በዚህ አያበቃም። ከፍታ ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ እንደሚያስመስል ሁሉ፣ ትንሿን ማፍሰሻም ትልቅ ያደርጋታል። የቤንዚን ሞተር ቫኪዩም የሚያገኘው የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ነው፤ ፔዳሉ በተረገጠ ጊዜ የአየር በሩ ይከፈትና ቫኪዩሙ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ንድፍ አውጪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ አንዲት ማጠራቀሚያ ጣሳና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ ያስገባሉ፤ ቫልቯ የተጠራቀመውን ቫኪዩም ትጠብቃለች። በደጋ አገር ግን ሞተሩ በየዙሩ የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ያንኑ ዳገት ለመውጣት ፔዳሉ ይበልጥና ለረጅም ጊዜ ይረገጣል። ማጠራቀሚያው ሲነሣም በአነስተኛ ቫኪዩም ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል ማንም ሳያስተውላት ዓመታት የምትኖር የተሰነጠቀች ቱቦ ከዳንግላ በላይ ባለው ዳገት ራሷን ትገልጣለች። አጎቴ «ሽቅብ ስወጣ ይጠፋል፤ ቁልቁል ስመለስ ይመጣል» ሲሉኝ የበሽታውን ስም ነግረውኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ አመረማመሩ ሥርዓት ልለፍ። «ማሞቂያው አይሠራም» የሚለው አቤቱታ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶችን ይሸፍናል፤ እነርሱን ሳንለይ መፍቻ ማንሣት የለብንም። ነፋሱ ራሱ ደካማ ነውን? ነፋሱ በቂ ሆኖ አቅጣጫው ተሳስቷልን? ወይስ ነፋሱም አቅጣጫውም ደኅና ሆኖ አየሩ አይሞቅምን? ለዚህ የሚያስፈልገው እጃችሁና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቷን በየመውጫው ፊት ያዙና በእያንዳንዱ ፍጥነትና በእያንዳንዱ አቅጣጫ ምን ያህል እንደምትገፋ እዩ። መጀመሪያ መኪናው ቆሞ፣ ቀጥሎ ዳገት ሲወጣ ሞክሩት፤ በጉዞ ላይ ወረቀቷን የሚይዘው ግን ሾፌሩ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ይሁን።

ነፋሱ በሁሉም መውጫ ደካማ ከሆነ ቫኪዩሙን ተዉትና የአየሩን መንገድ ከመግቢያ እስከ መውጫ ተከተሉ። መግቢያው ከፊት መስታወቱ ሥር ነው፤ ከባሕር ዛፍ ወይም በአዊ አካባቢ በብዛት ከሚተከለው ዲከረንስ ሥር የሚያድር መኪና ቅጠሉን የሚያጠራቅመው እዚያ ነው። ቀጥሎ ማጣሪያው አለ፤ በጥጋ መንገድ አቧራና በአውድማ እብቅ የተደፈነ ማጣሪያ ተጠርጎ ሳይሆን ተለውጦ ነው የሚድነው። ቀጥሎ ማራገቢያው አለ። በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራና በዝቅተኛዎቹ የማይነፍስ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለው ሬዚስተሩ እንጂ ሞተሩ አይደለም። በሁሉም ፍጥነት የሚዞር፣ ግን የሚያዘግም ከሆነ፣ ሞተሩን ከመለወጣችሁ በፊት በእርሱ ጫፎች ላይ ቮልቴጁን ለኩ። ባትሪው ላይ 13 ተኩል ቮልት እያለ ሞተሩ ጋ 9 ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ብልሽቱ በላላ ማያያዣ ወይም በዛገ ማሳ ላይ ነው። አዲስ ሞተር ብትገዙለትም እንደ አሮጌው ያዘግማል።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው መውጫውን ነው። አየር ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባው የሚወጣበት ሲያገኝ ነው። ከኋላ ያሉት የአየር መውጫዎች በጆንያ፣ በምንጣፍ ወይም በወንበር ልብስ ከተደፈኑ ማራገቢያው በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ እንደሚነፋ ሰው ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አንድ መስኮት ጥቂት ዝቅ አድርጉ፤ ነፋሱ ወዲያው ከበረታ የተዘጋው መውጫው ነው። በዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሱ። በ2500 ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ከሚኖረው እፍግታ አራት አምስተኛ የማይሞላ ነው። ጤነኛ ማራገቢያም ቢሆን በዚያ ከፍታ የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን በክብደት ሲለካ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር ለትንሽ ድፍን የሚተርፍ አቅም የለም።

ነፋሱ በቂ ሆኖ አቅጣጫው ከተሳሳተ፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ክዳኖቹን የሚያንቀሳቅሳቸው ምንድን ነው?» ብለን ነው። በመንገዳችን ላይ ከሚመላለሱት መኪኖች ብዙዎቹ ሽቦ ወይም ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው ያላቸው፤ በእነርሱ ላይ ቫኪዩም መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። በቫኪዩም የሚሠሩት በተለይ አሮጌዎቹ የአሜሪካና አንዳንድ የጀርመን መኪኖች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተነደፉት ቫኪዩም ሲጠፋ ነፋሱ በምንጭ ኃይል ወደ ፊት መስታወቱ እንዲዞር ነው፤ እግር ቢቀዘቅዝ ሰው አይሞትም፤ መስታወት ሲጨልም ግን ሊሞት ይችላል። የአጎቴ መኪናም ዳገቱ ላይ ነፋሷን ወደ መስታወቱ ትልክ ነበር። ያ ነፋስ በቅጠል ታፍኖ ስለ ደከመ ግን መስታወቱን ማጥራት አልቻለም። አንዱ ብልሽት የሌላውን መጠባበቂያ ነጥቆት ነበር ማለት ነው።

ቫኪዩሙንም ከምንጩ ጀምራችሁ ተከተሉት፦ ከሞተሩ ወደ ቫልቯ፣ ወደ ማጠራቀሚያው፣ በዳሽቦርዱ ላይ ወዳለው መምረጫ፣ በመጨረሻም ወደ እያንዳንዱ ዲያፍራም። በቤንዚን ሞተር ላይ ምንጩ የአየር ማስገቢያው ነው። የናፍጣ ሞተር በቂ ቫኪዩም ስለማይሰጥ የራሱ ፓምፕ አለው፤ በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ፓምፑ ከጄነሬተሩ ጀርባ የተገጠመ ነው። ቫልቯን ልጁ እንዳደረገው በሁለቱም በኩል ፈትኑ። ዲያፍራሙን ለመፈተን ውድ መሣሪያ ከሌላችሁ፣ ከመድኃኒት መደብር የተገዛ ትልቅ ስሪንጅና ስስ ቱቦ ይበቃችኋል፦ ቱቦውን ሰክታችሁ ስሪንጁን ሳቡት፤ ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ያዙትና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ክዳኑ ከተመለሰ ጎማው ተቀዷል። በጆሮም ስሙ፤ ማፍሰሻ ያፏጫል። የሳሙና ውኃ ግን እዚህ አይጠቅምም፤ ወደ ውጭ ለሚወጣ አየር አረፋ ይሠራል፣ ወደ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ግን ይዋጣል እንጂ አይነፋም። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ረጭቶ ማፍሰሻ የመፈለግን ልማድም ፈጽሞ ተዉት፤ ማፍሰሻውን ሳታገኙ እሳት ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ነገር አለ። በብዙ መኪኖች ላይ ለማሞቂያው ክዳንና ለፍሬኑ ማገዣ የሚደርሰው ቫኪዩም ከአንድ ምንጭ ይነሣል። በመርሰዲስ ደብሊው 123 ናፍጣ መኪና ላይ የማዕከላዊ ቍልፉ የሚሠራውም፣ ሞተሩ በቍልፍ የሚጠፋውም በዚያው ቫኪዩም ነው፤ በአንድ በር ውስጥ የተቀደደች ጎማ ሞተሩን «አልጠፋም» ልታሰኘው ትችላለች። ስለዚህ የማሞቂያ ቫኪዩም ሲጎድል ፍሬኑን ሳትፈትኑ መኪናውን ለባለቤቱ አትመልሱ። ሞተሩን አጥፍታችሁ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግማችሁ እርገጡ፤ ከዚያም ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ በእግራችሁ ሥር ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ ጉዳዩ የማሞቂያ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ሆኗል።

ሦስተኛው ወገን፣ ነፋሱ ደኅና ሆኖ አየሩ የማይሞቅበት፣ አጭር ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ውኃ እዩ። ሞተሩን አሙቃችሁ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ዳስሱ። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ቴርሞስታቱን ጠርጥሩ፤ አንዱ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ ግን የማሞቂያው እምብርት ተደፍኗል ወይም የውኃ መዝጊያው አልተከፈተም። እምብርቱን የሚደፍነው በየወንዙ የሚሞላው ንጹሕ ያልሆነ ውኃ ነው። በ2500 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን በእኛ ደጋ ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ያስቀጣል።

መስታወቱን ከሚያጨልሙት ነገሮች አንዱ ብልሽት ሳይሆን ልማድ መሆኑንም ልጨምር። በእርጥብ ጋቢ የተሳፈሩ አሥራ ሁለት ሰዎች የሚተነፍሱት እርጥበት ብዙ ነው። ሾፌሩ ብርዱን ፈርቶ የውጭውን አየር ሲዘጋ ያ እርጥበት ከመኪናው አይወጣም። የውጭው ቀዝቃዛ አየር ሲሞቅ ግን እርጥበት የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፤ መስታወቱን የሚያደርቀውም ለዚህ ነው። መፍትሔው የውጭውን አየር ማስገባት፣ ማሞቅ፣ መስኮትም ጥቂት መክፈት ነው። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ውድ ተማሪዎች፤ የተናገርሁትን ሁሉ ልትረሱት ትችሉ ይሆናል፤ አንዱን ግን እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። መለኪያ ቁጥር ይነግራችኋል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ፍርድ የሚሰጠው ቁጥሩ ለየትኛው ስፍራ እንደ ተጻፈ የጠየቀ ሰው ነው። የምንማርባቸው የእጅ መጽሐፎች አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ነገር ግን ማረሚያውን የሚሠራልን ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ለፋካልቲያችን የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ በየወርክሾፓችን ግድግዳ ላይ ለባሕር ዳር፣ ለዱርቤቴ፣ ለእንጅባራ፣ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ከፍታ የታረመ የቫኪዩም፣ የግፊትና የውኃ መፍያ ሰንጠረዥ ይለጠፍ። ተማሪዎቻችን አስልተው ያዘጋጁት፤ በየከተማው ላሉ ጋራዦችም በአማርኛ ይሰራጭ። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

አጎቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ቫልቯ በተለወጠችና ቅጠሉ በተጠረገ ማግሥት አብረን ወደ እንጅባራ ወጣን። ዝናብ ነበር፤ መስታወቱ ግን ጠርቶ መንገዱ ይታይ ነበር። ስለ በሬዎቹ ምንም አላነሡም። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ «ያን ልጅ ትምህርት ቤት ብታስገባው መልካም ነው፤ አንተ ደግሞ አልፎ አልፎ እርሱ ጋ ሂድ» አሉኝ። ሁለቱንም ፈጽሜአለሁ። ከመካከላችሁ ባለሙያዎችን የጠራሁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ጥያቄያችሁንና እርማታችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።